የሕዝብ እንደራሴ ድምፅና የነጋዴ ሒሳብ

አንድ የአገር ውስጥ ፋብሪካ አንድ ሺህ ደርዘን የጥጥ ካናቴራ ሠርቶ፣ እያንዳንዱን በ3 ዶላር ሒሳብ ለአሜሪካ ገዢ ቢሸጥ የዕቃው ጠቅላላ ዋጋ 36,000 ዶላር ይሆናል። ዕቃው ያለ ቀረጥ የሚገባ ከሆነ ገዢው ከዚህ ዋጋና ከማጓጓዣው በቀር ሌላ የሚያሳስበው ብዙ የለም። መደበኛው ቀረጥ የሚከፈልበት ከሆነ ግን ከመቶ 16.5 ታስቦ 5,940 ዶላር ይጨመርበታል። ካናቴራው ከሰው ሠራሽ ፈትል የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ቀረጡ ከመቶ 32 ስለሚደርስ ጭማሪው 11,520 ዶላር ይሆናል። ገዢውም ይህን ልዩነት ተመልክቶ ወይ ሻጩን ዋጋ ቀንስ ይለዋል፣ ወይ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ፋብሪካ ያዛውረዋል።

ይህ ልዩነት የሚወሰነው በጥጡ ጥራት ወይም በሰፊው ትጋት አይደለም። የሚወሰነው በዋሽንግተን ከተማ በተቀመጡ የሕዝብ እንደራሴዎች ድምፅ ነው። ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ፣ የመርከቡን ኪራይና የባንኩን ወለድ አጣርቶ ሲያበቃ፣ ከዕቃው ትርፍ የበለጠውን ገንዘብ የሚወስደውን ወይም የሚተውለትን ሕግ ማን እንዳወጣው፣ ለስንት ዓመት እንዳወጣውና በምን ውል እንዳወጣው ሳይመረምር ቢቀር ሒሳቡ ጎደሎ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለመረዳት የአንድ እንደራሴን የምክር ቤት ሥራ መመልከት ይጠቅማል። እኒህ ሰው ከ1989 እስከ 2017 የሲያትልን ከተማ ሕዝብ በመወከል በአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተቀመጡት ዶክተር ጀምስ ማክደርሞት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ከሐኪምነት ወደ ምክር ቤት

ዶክተር ማክደርሞት በ1936 በቺካጎ ከተማ የተወለዱ ሲሆኑ ሙያቸው የአእምሮ ሕመም ሕክምና ነው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ አገረ ገዢ ለመሆን ሦስት ጊዜ ተወዳድረው ሳይሳካላቸው ቀረ። በ1987 ፖለቲካውን ትተው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሐኪም በመሆን በያኔዋ ዛየር ዋና ከተማ በኪንሻሳ ተቀመጡ። በዚያም ሳሉ የሲያትል መቀመጫ ባዶ መሆኑን ሰምተው ተመለሱና በ1988 ተመረጡ። ስለ አፍሪካ ንግድ በምክር ቤቱ የተናገሩ ብዙዎች አፍሪካን በወረቀት ብቻ ሲያውቋት፣ እሳቸው ግን በአህጉሩ ኖረው ያዩትን ይዘው መጥተዋል።

በምክር ቤቱም ከዴሞክራት ፓርቲ ተራማጅ ክንፍ ወገን ተቆጠሩ። ሕክምና ለሁሉም ዜጋ ከአንድ የመንግሥት ገንዘብ ቤት እንዲከፈል የሚያዝ ረቂቅ ደጋግመው አቅርበዋል፤ ሆኖም አልተሳካላቸውም። በ2010 የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና ሕግ በ219 ድምፅ ለ212 ሲያልፍ፣ እሳቸው ከሚመኙት ያነሰ ቢሆንም ደግፈው ድምፅ ሰጡ። በ1991 የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት፣ በ2002 ደግሞ የኢራቅን ጦርነት ተቃወሙ። በኢራቁ ጉዳይ 296 እንደራሴዎች ሲደግፉ 133 ሲቃወሙ እሳቸው ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ከድምፁ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ባግዳድ ሄደው፣ ፕሬዚዳንቱ ሕዝቡን ሊያሳስቱ እንደሚችሉ ከዚያው ሆነው በመናገራቸው በተቃዋሚዎቻቸው ዘንድ ብርቱ ወቀሳ ደርሶባቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው «ተራማጅ» ከሚለው ስም ጋር የሚስማማ ነው። ወደ ንግዱ ጉዳይ በተመጣ ጊዜ ግን ስሙ ብቻውን አይበቃም።

አጎዋ እንዴት ተወለደ

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ተራማጅ የሚባሉ እንደራሴዎች አብዛኛውን ጊዜ የንግድ በር በሰፊው መከፈቱን በጥርጣሬ የሚመለከቱ ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበራት ደጋፊዎቻቸው ስለ ሆኑ፣ ርካሽ ዕቃ ከውጭ ሲገባ የአገሩ ፋብሪካ ይዘጋል ብለው ይሰጋሉ። ዶክተር ማክደርሞት ግን የወከሏት ከተማ የወደብ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ከ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አንሥቶ የሚነግደው የቦይንግ ኩባንያ ፋብሪካዎች በሲያትል አካባቢ ናቸው። በዓለም የታወቀው የስታርባክስ የቡና ንግድም የተመሠረተው በዚያው ከተማ ነው። የመራጮቻቸው እንጀራ ከንግድ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ በሩ እንዲዘጋ አልመከሩም።

በ1996 ከሪፐብሊካኑ ፊሊፕ ክሬንና ከኒውዮርኩ ዴሞክራት ቻርልስ ራንግል ጋር ሆነው ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ረቂቅ አቀረቡ። የሐሳቡ መሠረት አፍሪካ በርዳታ ብቻ ሳይሆን በመነገድ ትደግ የሚል ነበር። ረቂቁ ወዲያው አላለፈም። በ1998 በሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ233 ለ186 ቢያልፍም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ1999 እንደ ገና ቀርቦ በ234 ለ163 አለፈ። በመጨረሻም ሜይ 4 ቀን 2000 የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ309 ለ110፣ ሜይ 11 ቀን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ77 ለ19 ድምፅ ካጸደቁት በኋላ፣ ሜይ 18 ቀን ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረሙበት። ይህ ሕግ በአሕጽሮት አጎዋ የሚባለው ነው። ዶክተር ማክደርሞትም ለሕጉ በደከሙት ድካም በአሜሪካ «የአጎዋ አባት» እየተባሉ ይጠራሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ሠላሳ አራት አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድላቸው ኢትዮጵያ ከእነርሱ አንዷ ሆነች።

ላኪዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ያልተቆላ ቡና በአሜሪካ መደበኛ የታሪፍ ሠንጠረዥ ቀድሞውኑ ቀረጥ የለበትም፤ ስለዚህ ለቡና ላኪ አጎዋ ብዙ የሚጨምርለት አልነበረም። ትልቁ ጥቅም ለተሰፋ ልብስ ነበር። በተለይ ድኻ ለተባሉት አገሮች፣ ጨርቁ ከቻይና ወይም ከህንድ ተገዝቶ ቢመጣ እንኳ ልብሱ በአገራቸው ተቆርጦ እስከ ተሰፋ ድረስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ። ይህ የጨርቅ ፈቃድ ከዋናው ሕግ የተለየ የራሱ የጊዜ ገደብ ነበረው። ገደቡ በ2012 ሊያበቃ በተቃረበ ጊዜ የአሜሪካ ገዢዎች በኋላ ቀረጥ ይመጣብናል ብለው ትእዛዛቸውን ያዙ፤ የአፍሪካ ፋብሪካዎችም ሥራ ጎደለባቸው። ምክር ቤቱ ያራዘመው በኦገስት ወር፣ ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ለምክር ቤት ሰው ሰባት ሳምንት በቂ ጊዜ ሊመስል ይችላል፤ ልብስ ከስድስት ወር በፊት ለሚታዘዝበት ንግድ ግን ጊዜው አልፏል ማለት ነው።

ሁለት ተራማጆች፣ ሁለት ድምፅ

ሕጉን የተቃወሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባቸው የደቡብ ክፍለ ግዛቶች እንደራሴዎች ብቻ አልነበሩም። ከዶክተር ማክደርሞት ጋር በብዙ ጉዳይ አንድ የሆኑት የቺካጎው ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር በ1999 የተለየ ረቂቅ አቀረቡ። የእሳቸው አሳብ በመጀመሪያ የአፍሪካ ዕዳ ይሰረዝ፣ አፍሪካውያን መንግሥታትም የኢኮኖሚ መመሪያቸውን በውጭ አገር ትእዛዝ እንዲለውጡ አይገደዱ የሚል ነበር። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላም በ1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በጎበኟቸው ጊዜ፣ በረቂቁ የተጻፈውን ውል እንደማይቀበሉት እንግዳቸው ባሉበት በግልጽ ተናግረዋል።

ያስፈራቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሕጉ ተጠቃሚ ለመሆን አንድ አገር የገበያን ኢኮኖሚ እንዲከተል፣ ለአሜሪካ ዕቃና ገንዘብ መሰናክል እንዲያነሣ፣ የሠራተኛን መብት እንዲጠብቅና ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት እንዳይፈጽም ይጠየቃል። አንድ አገር እነዚህን መፈጸሙንና አለመፈጸሙን በየዓመቱ መርምሮ የሚወስነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ለመሰረዝ የምክር ቤት ድምፅ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሁለቱም እንደራሴዎች ተራማጆች ናቸው፤ ሁለቱም ለአፍሪካ እንደሚያስቡ ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንደኛው በሩን የከፈተውን ሕግ ሲገነባ ሌላው ተቃወመ። አንደኛው የተመለከተው በሩን ነው፤ ሌላው የተመለከተው መቆለፊያውን ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያየ ነጋዴ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት እንደ ነበራቸው ይመሰክራል።

የንግዱ ድምፅ በተከታታይ ሲታይ

ዶክተር ማክደርሞት የንግድ ሕግን ሁሉ በአንድ ዓይን አልተመለከቱም። በ2000 ከቻይና ጋር ቋሚ መደበኛ የንግድ ግንኙነት እንዲመሠረት የወጣው ሕግ በ237 ለ197 ሲያልፍ፣ አብዛኞቹ የፓርቲያቸው ሰዎች ቢቃወሙም እሳቸው ደገፉ። በ2005 ግን ከመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ጋር የተደረገው የንግድ ስምምነት ሲቀርብ ተቃወሙ፤ ያ ስምምነት በ217 ለ215፣ በሁለት ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ። በዚያ ክርክር ዴሞክራቶቹ ያነሡት ዋና ነጥብ የሠራተኛ መብት ጥበቃው ደካማ ነው የሚል ነበር።

በ2015 ጁን ወር ደግሞ አንዱን ወር በሁለት መልክ ሲመለከቱ ይታያሉ። ፕሬዚዳንቱ የንግድ ስምምነት ተደራድሮ ምክር ቤቱ ሳያሻሽለው እንዲያጸድቅ ወይም እንዲጥል የሚያዘው ሥልጣን በ218 ለ208 ሲያልፍ፣ እሳቸው በተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። በዚያው ወር ግን አጎዋን ለአሥር ዓመት ያራዘመው፣ እሳቸው ሲሟገቱለት የኖሩት ሕግ በ286 ለ138 አለፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የላኪዎችና የአስመጪዎች ባንክ ሥልጣን እንዲታደስ ሲጠየቅ ከዴሞክራቶቹ አንድ ብቻ ተቃወመ፤ ዶክተር ማክደርሞትም ባንኩ እንዲቀጥል ከሚሹት ወገን ነበሩ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የተቀመጡት ሌላው የታወቁ ተራማጅ በርኒ ሳንደርስ ግን ይህን ባንክ የትልልቅ ኩባንያዎች መደጎሚያ ነው እያሉ ሲቃወሙት ኖረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦይንግ አውሮፕላኖችን የገዛበት ብድር በዚህ ባንክ ዋስትና የተገኘበት ጊዜ ስላለ፣ ይህ ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም።

የኮንጎ ማዕድንና ያልታሰበው ውጤት

የዶክተር ማክደርሞት በጎ አሳብ የተፈተነበት ሌላ ሕግ አለ። በኪንሻሳ ኖረው ስለ ነበር በምሥራቅ ኮንጎ የታጠቁ ቡድኖች ከማዕድን ገንዘብ እያገኙ ሕዝብ የሚያሠቃዩ መሆናቸው አሳስቧቸው፣ በ2009 ስለ ማዕድን ንግድ ረቂቅ አቀረቡ። አሳቡም በ2010 በወጣው ትልቁ የባንክና የገንዘብ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሆኖ ገባ። በዚህ አንቀጽ መሠረት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ቆርቆሮ፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ ከኮንጎ ወይም ከጎረቤቶቿ የመጣ መሆን አለመሆኑን መርምረው እንዲያስታውቁ ታዘዙ።

ሕጉ መግዛትን አልከለከለም፤ መመርመርን ብቻ አዘዘ። ሆኖም መመርመር ወጪና ድካም ስላለበት፣ ብዙ ገዢዎች ከመመርመር ይልቅ ከዚያ አካባቢ አለመግዛትን መረጡ። የኮንጎ መንግሥትም በ2010 ሴፕቴምበር ወር በሦስት ምሥራቃዊ ክፍለ ግዛቶች የማዕድን ሥራ ለጥቂት ወራት አገደ። በአካፋና በዶማ እየቆፈሩ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች፣ ከታጣቂዎቹም ጋር ምንም ያልነበራቸው ጭምር፣ ገበያቸው ተዘጋ። ቆይቶ ማዕድን በከረጢት ምልክት እየተደረገበት ከየት እንደ ወጣ የሚታወቅበት አሠራር ሲስፋፋ፣ ንግዱ በከፊል ተመለሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሩቅ አገር ምክር ቤት ለበጎ የተሰጠ ድምፅ፣ በአካባቢው ለሚገኝ ለትንሹ ነጋዴ መልካም ሆኖ የሚደርሰው የዕቃውን መነሻ በሰነድ ማሳየት ሲችል ነው። ኢትዮጵያ የኮንጎ ጎረቤት ባትሆንም ከቀንጢቻ ታንታለም የላከችበት ጊዜ ስላለ፣ ከሌላም ስፍራ ወርቅ ስለምትልክ፣ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከየት አገር የወጣ ነው?» የሚል መሆኑን ላኪው ሊዘነጋ አይገባውም።

መቆለፊያው በተዘጋ ጊዜ

የአጎዋ መቆለፊያ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ በመጀመሪያ በግልጽ ያዩት የማዳጋስካር ልብስ ሰፊዎች ናቸው። በ2009 በአገራቸው መንግሥት በኃይል በመገልበጡ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ተሰረዙ፤ የተመለሱት በ2014 ነው። መንግሥት የገለበጠው ፋብሪካው አልነበረም፤ ቀረጡን የተሸከመው ግን ፋብሪካው ነው።

ኢትዮጵያም በተራዋ ይህንኑ አየች። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመርቆ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክን ትልቅ መሠረቱ አድርጎ፣ በሺህ የሚቆጠሩ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን ያዘ። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተነሣው ጦርነት ምክንያት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በ2021 ኖቬምበር ወር ኢትዮጵያ እንደምትሰረዝ አስታወቁ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ተፈጸመ። በፓርኩ ከነበሩት ታላላቅ የውጭ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. በዚያው ኖቬምበር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። ከማስታወቂያው እስከ ቀረጡ ድረስ የነበረው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነው። በመርከብ ላይ ያለ ዕቃ እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁሉ አይደርስም።

ይህን ሁሉ ዶክተር ማክደርሞት አደረጉት ማለት አይቻልም፤ በ2017 ከምክር ቤት ወጥተው ነበር። ነገር ግን እሳቸው ባስገነቡት ቤት ውስጥ መቆለፊያው ከመጀመሪያው ነበረ። ሰብአዊ መብትን የሚመለከተው ውል ለተራማጆቹ ተወዳጅ፣ ገበያን የሚመለከተው ውል ለሪፐብሊካኖቹ ተወዳጅ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሕጉን ለማሳለፍ የቻሉት በእነዚህ ውሎች ነው። ውሉ ባይኖር በሩም ላይከፈት ይችል ነበር። ከዚህም በላይ በ2015 የተሰጠው የአሥር ዓመት ዘመን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ውሉን የፈጸሙትም አገሮች ቢሆኑ የሚጠብቁት የዚያኑ ምክር ቤት ድምፅ ሆነ።

ነጋዴ ምን ያድርግ?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶች። በሌላ አገር ሕግ የተሰጠ የቀረጥ ነጻነት የተዋሱት ወርቅ ነው፤ ያጌጡበታል፣ ይጠቀሙበታል፣ ግን ባለቤቱ በፈለገው ቀን ይወስደዋል። ይህ ማለት አይጠቀሙበት ማለት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት በአጎዋ የሠራ ሰው ሥራ ተምሯል፤ ገዢ አውቋል፤ የጥራት ደንብ ለምዷል። ይህን የሚሰርዝ ፕሬዚዳንት የለም። ስሕተቱ ግን ትርፉን በሙሉ ከቀረጡ ልዩነት ብቻ አስቦ ፋብሪካ መትከል ነው።

ስለዚህ ላኪም ሆነ አስመጪ በውጭ አገር ሕግ ላይ የተመሠረተ ንግድ ሲጀምር ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ይህ ፈቃድ የሚያበቃው መቼ ነው? ዋናው ሕግና ልዩ ልዩ አንቀጾቹ የሚያልቁበት ቀን አንድ ነው ወይስ የተለያየ? ሁለተኛ፣ ፈቃዱን ለመሰረዝ የምክር ቤት ድምፅ ያስፈልጋል ወይስ የአንድ ሹም ፊርማ ይበቃል? ሦስተኛ፣ ቀረጡ ነገ ቢመለስ ዕቃዬ በዋጋው ጸንቶ ይሸጣል ወይስ ይወድቃል? ሦስተኛውን ጥያቄ በወረቀት ላይ አስልቶ የመለሰ ነጋዴ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢከፉበትም አይደነግጥም። ባለሱቁም ቢሆን ነገሩ አይመለከተኝም አይበል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዟን ባጣች ወር የዱቤ መዝገቡ ይነግረዋል።

ከዚህ ጋር የምክር ቤት ሰዎችን በስማቸው ሳይሆን በድምፃቸው መዝኖ ማወቅ ያስፈልጋል። «ተራማጅ» ወይም «ወግ አጥባቂ» የሚለው ስም ለመራጩ የተጻፈ ምልክት ነው፤ ለነጋዴ የሚጠቅመው ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሕግ ላይ፣ እንዴት ድምፅ እንደ ሰጠ የሚያሳየው መዝገብ ነው። ከቻይና ጋር መነገድን ደግፎ ከመካከለኛው አሜሪካ ጋር የተደረገውን ስምምነት የሚቃወም፣ ለአፍሪካ ልብስ በር ከፍቶ ለኮንጎ ማዕድን ምርመራ የሚያዝ ሰው በአንድ ቃል አይገለጽም። የአሜሪካ ምክር ቤት የድምፅ መዝገብ ለማንም ሰው ክፍት ነው፤ ለማንበብ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ነጋዴም የሒሳብ መዝገቡን መስመር በመስመር ማንበብ የለመደ ሰው ስለ ሆነ ይህ ትዕግሥት አይቸግረውም።